መርዶ መስሎኝ ነበር

ልጄ ሞገስ፣ የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ በሄድህበት ሁሉ ይቅደምህ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ አሽቷል። አባትህም ለጉልበቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰንብቶ ተሽሎት መጣ።

ይህን በስልክ ልነግርህ ብል እንባ እየቀደመኝ አልቻልኩም። እህትህ ማስተዋል የገበያ መንገድ ላይ አዳልጧት ጭቃ ውስጥ ስትወድቅ፣ አንድ የክፍሏ ልጅ በስልኩ ቀርጾ ቪዲዮውን ለቀቀባት። ስንት አገር ሄዶ ስንቱ ሳቀባት። ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ተኛች።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ውሻው ሲጮኽ ብወጣ፣ ብዙ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ወደ ደጃችን ይመጣል። መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው። አንተን ሊያረዱኝ መሰለኝ።

ለካ የክፍሏ ልጆች ናቸው። መምህራቸው «በስልክ የተዋረደን ሰው እንደ ሐዘንተኛ ቆጥራችሁ ሄዳችሁ አጽናኑት፤ የተለቀቀበትንም ለሌላ አታስተላልፉ» ብለው አስተምረዋቸው ኖሯል። ገብተው ዙሪያዋን እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጡ። የቀረጻት ልጅ እግሯ ላይ ወደቀ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ናቸው እኮ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ለቅሶ አላየሁም። ከዚያ አጅበዋት ትምህርት ቤት ሄዱ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከቪዲዮው ሥር ከሳቁት ሰዎች መሐል ያንተን ስም አይታለች። ፊቷን ጭቃ ስለሸፈነው አላወቀሽም ብዬ ማልኩላት። እሷም «እማ፣ እኔ ባልሆንስ ይሳቃል?» አለችኝ።

ከክፉ አንደበት ይሰውርህ፤ ያንተንም አንደበት ይጠብቅልህ። አንተ ሩቅ ነህና ደውልላት። የቀረጻት ልጅ እንኳ በእግሩ መጥቷል።

እናትህ እመቤቴ