በር ዘግቶ ጣሪያ ማየት

ግንቦት 6 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ደምሴ ነው። የወለድኩት ልጄ። ደብተሬ፣ ዛሬም ቤት ሳይ ዋልኩ። የዘመሮ ቤትሽን ሽጪና መሐል ሜዳ አብረን እንኑር አለኝ። ሸጥኩ። አሁን ሚስቱ ወለደች፣ ጠበበን፣ እዚሁ አንድ ክፍል እንከራይልሽ ይላል።

የዛሬው ከጠላ ቤት ጀርባ ነው። ገብቼ በሩን ዘጋሁና ቀና አልኩ። ቆርቆሮው በየምስማሩ ቀዳዳ ብርሃን ያስገባል። ክረምቱን ባልዲ ታቅፎ ማደር ነው። ባለቤቱ ምን ሆኑ እያለ በሩን ይደበድባል። የወደቅኩ መስሎታል። ተውኩት።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ደምሴ አብሬሽ አያለሁ ብሎ ነበር። ስብሰባ አለው። ሁልጊዜ ስብሰባ። ሌላውን ቤት ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። ጣሪያው ደህና። ግድግዳውን ከወለሉ አጠገብ በመዳፌ ስነካው ግን ርጥብ። አዲስ ኖራ ቀብተው ሸፍነውታል፤ ሽታው መች ይሸፈናል። ሽንት ቤቱም ቁልቁለት ነው፣ ጉልበቴ አይችለውም። አከራይዋ ሰው አለዎት ወይ አለችኝ። ልጅ አለኝ፣ መጥቶ ያየዋል አልኳት። ኮራሁ እኮ። ሞኝ።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ተገኘ። የወ/ሮ ዘነበች ግቢ፣ ከቅ/ማርያም ዝቅ ብሎ። በሩን ዘጋሁ። ድቅድቅ ጨለማ፣ ጭላንጭል የለም። ደስ ብሎኝ ቆምኩ። ግድግዳው ደረቅ። በሩ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቷል። መቀርቀሪያው ከውስጥ ይገጥማል። ወ/ሮ ዘነበች «እማማ፣ የእርሻ በሬ ሲገዛ እንኳ እንዲህ አይመረመርም» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ። ልጄ ይየውና እንዋዋላለን አልኳት። ደምሴም ነገ ከሥራ ስወጣ አለ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ሄዷል። ይህን አልክድም፣ ሄዷል። ወ/ሮ ዘነበች ገና ስታየኝ ፊቷ በራ።

«እማማ፣ ዘመድዎ መጥቶ አየው። ወዶታል።»

የቱ ዘመዴ አልኳት።

«ያ ቢሮ የሚሠራው። የሩቅ ዘመዳችን ናቸው፣ ከዘመሮ የመጡ፣ ሰው የላቸውም፣ አደራ አለኝ። ደግ ሰው ነው መቼም።»

እናቱን ከቤት አስወጣ እንዳይባል ነው። ገብቶኛል። አዎ፣ ደግ ነው አልኳት። ምን ልበል። ጣሪያውን ደግሜ ልየው ብዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ጣሪያውን አላየሁም።

ማታ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ ወዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ሲማር የሚልክልኝን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዳያነብልኝ ብዬ። ውድ እናቴ እያለ ይጀምር ነበር። በጣቴ እየተከተልኩ አነበዋለሁ። እናቴ የምትለዋን ማንም ሳይረዳኝ ነው የለየኋት።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ቤቱን ያዝኩት። ቤቱ ምን አደረገኝ፣ ደረቅ ነው። ደምሴ ዕቃዬን በጋሪ አስጭኖ አመጣ። እቤት ሲሆን ጉልበቴን ሳይስም አይወጣም ነበር። ዛሬ ወ/ሮ ዘነበች ቆማ ስታይ፣ እንደ እንግዳ እጄን ጨብጦኝ ሄደ። አላጋለጥኩትም። ጀርባውን እስከ በሩ አየሁት፤ አባቱን ነው የሚመስለው።

ሲመሽ ወ/ሮ ዘነበች መጣች። ድንገት ቢያምዎት ማንን ልጥራ፣ ያንን ዘመድዎን ወይ አለችኝ። የንስሐ አባቴን ጥሪ አልኳት።

ከእንግዲህ ልጄ ይመጣል አልልም።