በእፎይታ ቪዲዮዎ ውስጥ ስለምትሰማው ሴት

ለተከበሩ አቶ ኖላዊ ኤርሳዶ
የ«እፎይታ ከኦሞ» የድምፅና የምስል ፕሮጀክት አስተባባሪ
ጂንካ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎስ እንዴት ነው? የሌላውን ሰው እንቅልፍ ለማሳመር ይህን ያህል የደከመ ሰው የራሱ እንዳይጓደልበት ከልብ ስለማስብ ነው መጠየቄ። እኔ አበዛሽ ፋንታሁን እባላለሁ፤ በኮልቾ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ተገናኝተናል፤ ምናልባት የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ስለነበር አያስታውሱኝ ይሆናል።

ፕሮጀክትዎ ከመምጣቱ በፊት እኛ የኮልቾ ሰዎች ነፋሳችን ዋጋ እንዳለው አናውቅም ነበር። በከተማ የሚኖሩ ሰዎች የቅጠል ኮሽታ፣ የወንዝ ድምፅና ሹክሹክታ በስልካቸው እያዳመጡ እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው፣ ስሙም ኤ ኤስ ኤም አር እንደሚባል ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ትምህርት ያለብኝን ምስጋና በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስለ መኪናዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥር ወደ ቀበሌያችን በመጡበት ዕለት ከእርስዎ ነጭ ላንድክሩዘር በቀር በአካባቢው መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ መሄዱን የወረዳው ሰዎች በስልክ ነግረውኛል፤ በእነሱ አልፈርድም፤ አንድ አምቡላንስ ሁለት ቦታ አይገኝም። እርስዎ ግን ከኦሞ በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ማይክዎን ተክለው፣ ፍየሎቹን አርቀው፣ ውሾቹን አሳስረው፣ የመማሪያ ክፍል ይሠራ የነበረውን ግንበኛ ጸጋአብን ሳይቀር መዶሻውን አስጥለውት ነበር። የጸጋአብ ባለቤት አቢጊያ በዚያው ሰዓት ጤና ኬላው ውስጥ ምጥ ላይ ነበረች። የበኩር ልጇ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የልጁ እጅ ቀድሞ ወጣ። እንዲህ ያለውን ምጥ እኔ አላዋልደውም፤ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል፤ ቀዶ ጥገና የሚደረግበት ሆስፒታል ደግሞ ከእኛ በመኪና የብዙ ሰዓት መንገድ ነው። ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ መኪናዎን ልለምን ወደ እርስዎ ሮጥኩ።

2ኛ. ስለ ጨዋነትዎም አመሰግናለሁ፤ አልጮኹብኝም። የማዳመጫውን አንድ ጎን ብቻ ከጆሮዎ ገለጥ አድርገው፣ ጣትዎን በከንፈርዎ ላይ አኑረው፣ በሹክሹክታ «እኅቴ፣ እባክሽ ቀስ ብለሽ። ሦስት ሰዓት ሳይቋረጥ መቅዳት አለብን፤ አሁን ሞተር ከተነሣ የጠዋቱ ሥራ ሁሉ ገደል ገባ» አሉኝ። እኔም በሹክሹክታ ስንት እንደቀራችሁ ጠየቅሁ። «ትንሽ ነው» አሉኝ። ሾፌርዎ ሀብታሙ ነገሩ ገብቶት ብድግ ሲል በዓይንዎ መልሰው አስቀመጡት። ያ ትንሽ ያሉት ጊዜ፣ ክቡርነትዎ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር።

3ኛ. ይህኛው ምስጋና ሳይሆን ኑዛዜ ነው፤ ግማሹ የእርስዎ፣ ግማሹ የእኔ።

ጸጋአብ «በዓይናቸው ካዩአት አይጨክኑም» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። በቃሬዛ ተሸክመን አምጥተን ከመኪናው አጠገብ ግራር ጥላ ሥር አስተኛናት። አንድ ጊዜ ጮኸች። እርስዎም ዘወር አሉ፤ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ መሣሪያዎ። ከዚያ በእግር ጣትዎ እየተራመዱ ወደ እኔ መጥተው፣ ከቻለች ድምፅዋን ዝቅ እንድታደርግ ለመኑኝ። ጸጋአብ እግርዎ ላይ ወደቀ፤ እርስዎ እግርዎን የሰበሰቡት ጠጠሩ እንዳይንኮሻኮሽ ነበር። እኔም፣ ስምንት ዓመት ሙሉ እናቶችን «አይዞሽ፣ ጩኺ፣ ይውጣልሽ» እያልኩ ያዋለድኩ ሴት፣ ጎንበስ ብዬ «አቢጊያ፣ እባክሽ ቀስ በይ፤ እንዳናስቀይማቸው» አልኳት። ካላስቀየምናችሁ ቶሎ የምትጨርሱ መስሎኝ ነበር። ቃሌን ሰማች። ሻሿን ነክሳ፣ ጭንቅላቷን ከወዲያ ወዲህ እያወዛወዘች፣ በጥርሷ መሐል ታጉተመትም ጀመር።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል «ጨርሰናል» አሉ። ሀብታሙ ገመዱ እስኪጠቀለል አልጠበቀም፤ ከነቃሬዛዋ ጭኗት ገሠገሠ። እንደ እኅቱ አድርጎ ነው የነዳላት፤ እግዚአብሔር ይስጠው። የልጇ የልብ ትርታ እጄ ሥር እያለ መንገድ ላይ ቆመ። ሴት ነበረች። አቢጊያ በቀዶ ጥገና ተረፈች። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ቢሆን...» ብሎ ጀመረና ጸጋአብን ሲያየው ሳይጨርስ ተወው።

4ኛ. ስለ ቪዲዮዎ። በአርቦሬ ጤና ኬላ የምትሠራው ባልደረባዬ ፈቲያ ናት በግንቦት ወር በስልክ የላከችልኝ፤ «የእናንተን አገር አየሁት፣ እንዴት ያምራል» ብላ። ርእሱ «የሦስት ሰዓት የኦሞ ጸጥታ፦ ለጥልቅ እንቅልፍ» ይላል። በእርግጥ ያምራል። ወንዙ አለ፣ ነፋሱ አለ፣ ርግቦቹ አሉ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አንዲት ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ ታጉተመትማለች፤ ከሥሩም «የአንዲት እናት እንጉርጉሮ ከግራር ጥላ ሥር» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሌላ ሴት «ቀስ በይ» ስትላት ይሰማል። እሷ እኔ ነኝ።

ከታች የተጻፉትን አስተያየቶች አንብቤአለሁ። አንዱ ለሦስት ዓመት እንቅልፍ አጥቶ እንደነበርና የዚህች ሴት ድምፅ እንዳስተኛው ጽፏል። እሱ ምን ያውቃል? ይተኛ። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ከባልና ሚስቱ ልደብቀው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ጸጋአብ ገና ድምፅዋ ሲጀምር ተነሥቶ ወጣ። አቢጊያ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ሲያልቅ ስልኩን መለሰችልኝና «ቀስ ብዬ ነበር አይደል?» አለችኝ። እርስዎ በድምፅ ጉዳይ ባለሙያ ስለሆኑ ምናልባት ይመልሱላት ይሆናል።

5ኛ. ስለ ደብዳቤዎ። ቪዲዮው እንዲወርድ ለመለመን ጸጋአብና እኔ ጂንካ ድረስ መጥተን ነበር። ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልን፤ በነጋታውም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዎ በማኅተም ያማረ ደብዳቤ ሰጠችን። ደብዳቤው «ድምፁ የማኅበረሰቡ የጋራ ሀብት በመሆኑና ኮንተንቱ ለአካባቢው ፕሮሞሽን ከፍተኛ ፋይዳ እያበረከተ በመሆኑ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። ጸጋአብ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። በሦስተኛው ላይ «የጋራ ሲሉ ከማን ጋር ነው?» አለኝ። ይህም ጥያቄ ለእርስዎ ነው።

ክቡርነትዎን የማስቸግርበት ጉዳይ ከእንግዲህ አጭር ነው። ያንን ድምፅ ያውርዱት። ማውረድ ለሪፖርትዎ የማይመች ከሆነ፣ እንጉርጉሮ የሚለውን ሰርዘው እውነቱን ይጻፉበት፤ ያን ጊዜ ማን እንደሚተኛ እናያለን። ለሌላ ቀረጻ ወደ ሌላ ቀበሌ ሲወጡም፣ ወላድ ካለች ሞተሩ ይነሣ። ወንዙ በማግስቱም ይፈስሳል።

በሥራዎ የብዙዎችን ዓይን ስለከደኑ፣ የአንዲትን ሕፃን ደግሞ ሳይገለጥ ስላስቀሩ፣ ለክቡርነትዎ የሚገባዎትን አክብሮት ሁሉ፣ ከሚገባዎት አንዲት ሳላተርፍ፣ አቀርባለሁ።

አበዛሽ ፋንታሁን
ኮልቾ፣ ሰኔ 2016 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ ከቢሮዎ «የድምፅ ባለቤት የስምምነት ቅጽ» ደረሰን፤ ለፋይል ማሟያ አቢጊያ ሞልታ እንድትልክ ይጠይቃል። አቢጊያ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማረች በገዛ እጇ ሞልታዋለች። «የድምፁ ዓይነት» ከሚለው ሥር «ዘፈን»፣ «እንጉርጉሮ»፣ «ተረት» የሚሉትን ሳጥኖች ባዶ ትታ፣ «ሌላ ከሆነ ይገለጽ» በሚለው መስመር ላይ «መኪና እየለመንኩ ነበር» ብላ ጽፋለች። የሚፈርሙበት ቦታ ከሥሩ አለ።