የአባወራው መደብ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ አሰላሙ ዐለይኩም። የጂዳው ሙቀት በረድ አለልዎ? እኛ ሐረር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ዛሬ ለተማሪዎቼ የጥንቶቹን የምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት፣ የማሊንና የሶንግሃይን አገዛዝ አነጻጸርኩላቸው። ማሊ የገበሩላትን ነገሥታት በየዙፋናቸው ትታቸው ነበር፤ ሶንግሃይ ግን ከመሃል የራሷን ሹም ትልክባቸው ነበር አልኩ። አንዷ «ቲቸር፣ ሹሙ ሲመጣ የድሮው ንጉሥ የት ይቀመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ይዤ ወደ ቤት መጣሁ።

አጎቴ ሙሐዲን «ቤት ያለ ወንድ አይሆንም» ብለው ከረመዷን ጀምሮ እኛ ጋ ናቸው። የግቢውን ቁልፍ እሳቸው ይይዛሉ። እማዬ ጎረቤት ለመሄድም ታስፈቅዳቸዋለች። ትናንት የእርስዎን ትራስ የቤቱ ጌታ ብቻ ከሚቀመጥበት ከአባወራው መደብ አንስተው በሩ አጠገብ ካለው ዝቅተኛ መደብ ላይ ጣሉት።

ትራስዎን እኔ ክፍል አስገብቼዋለሁ፤ ሲመጡ መጀመሪያ እኔ ጋ ይግቡ። አላህ በቶሎ ያገናኘን።

ልጅዎ ዋፊቃ