ስላልደረሰው ቪዛና ስለ ሁለቱ ቀይ ጃንጥላዎች

ለተከበሩ የመርከቡ የቪዛና የጉዞ ሰነዶች ክፍል ኃላፊ
ባሉበት (የት እንዳሉ እስካሁን ባናውቅም)

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ መጋረጃ ሳይነቃነቅ እንዲጸናልዎ፣ ማዕበሉም እንቅልፍዎን እንዳይነካብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ፣ በሁለተኛው ፎቅ መስኮት በሌላት ክፍል የምንገኘው ጡረተኛና ባለቤቱ፣ ለክፉ አንሰጥም። ይህን የምጽፍልዎ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ያገለገለና ስንቱን ባለጉዳይ «ነገ ይምጡ» እያለ የመለሰ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያ ለባለሙያ የሚያቀርበው አድናቆት አድርገው ይቀበሉልኝ።

ይህን ደብዳቤ በሊፍቱ አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ የሚያነቡ መንገደኞች ስለሚኖሩ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እናታቸው ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ባለቤቴን አዝላ ያሳደገች ሴት ናት። ከተለያዩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናቸው። እህትየው በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷ በመሣሪያ ስለሚታጠብ ከምትኖርበት ከተማ መውጣት አትችልም፤ ባለቤቴን ደግሞ ሐኪሟ በልቧ ምክንያት አውሮፕላን እንዳትሳፈር ከልክሏታል። በዚህ የተነሳ ልጆቻችን አዋጥተው መቶ ስምንት ቀን በሚፈጅና አሥራ ሰባት ወደቦችን በሚነካ የሽርሽር መርከብ ላይ አሳፈሩን። አሥራ ስድስቱ ወደቦች ለእኛ መንገድ ናቸው። የመጣነው ለአሥራ አንደኛው ነበር፤ እዚያም መርከቡ የሚቆመው ለዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቪዛው ጥቅል። የአንዱን አገር ቪዛ ብቻ እንደምንፈልግ ብናመለክት፣ የቱሪስት ቪዛ በነጠላ እንደማይሸጥና የስምንት አገር በአንድ ላይ መግዛት እንዳለብን በታላቅ ትሕትና ተነገረን። ከፈልን። ከስምንቱ አንዱን አገር በማዕበል ምክንያት ሳንቆምበት አለፍነው፤ ሌላው ደግሞ ከመንገደኛ ቪዛ የማይጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ እንደማይመለስ በደረሰኙ ጀርባ በደቃቁ ተጽፏል፤ ባለቤቴ በራሷ መነጽር ላይ የእኔን ደርባ አንብባዋለች። ለዚህ ሁሉ ማካካሻ ጥቅሉን ለገዛ ሰው ሁሉ የድርጅቱ ምልክት ያለበት ቀይ ጃንጥላ በነፃ ስለሰጣችሁን እግዜር ይስጥልን። አንባቢ ይህችን ጃንጥላ ልብ ይበልልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥራ ሰዓት። መስኮታችሁ መርከቡ ባሕር ላይ ሲሆን ኢንተርኔት ስለማይሠራ ይዘጋል፤ ወደብ ላይ ሲሆን ደግሞ ሠራተኞቹ ከተማ ስለሚወርዱ ይዘጋል። በመካከል የምትገኘዋን አንዲት ሰዓት አድነን ስንይዛት የባለቤቴ ፎቶግራፍ አልሆነም ተባልን፤ ሰው ለቪዛ ሲነሳ መሳቅ የለበትምና። ባለቤቴ ሳትፈልግ ፊቷ የሚስቅባት ሴት ናት፣ አፈጣጠሯ ነው። ሦስት ጊዜ ተነስታ ሦስት ጊዜ ተመለሰባት። አራተኛው አለፈ፤ በዚያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር አልቀረላትም ነበር።

ሦስተኛ፣ የጉዞውን ዓላማ ስለሚጠይቀው መስመር። እኔንም በአጃቢነት በሚያካትተው በባለቤቴ ቅጽ ላይ «ታላቅ እህቴን ለማየት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ክፍልዎ ይህን በጥሞና ከመረመረ በኋላ፣ እህት ማየት ቱሪዝም አለመሆኑን፣ የቤተሰብ ቪዛ እንደሚያስፈልገውና ለዚህም በከተማው ማዘጋጃ ቤት ማኅተም የተደረገበት የእህትየው የጥሪ ደብዳቤ መቅረብ እንዳለበት አስታወቀን። በዊልቸር የምትሄደው እህትየው ከመታጠቢያዋ ባረፈችበት ቀን ተገፍታ ሄዳ፣ አራት ሰዓት ወረፋ ይዛ ማኅተሙን አስመታች፤ ፎቶውንም በስልክ ላከችልን። እናንተም ዋናው ይምጣ አላችሁ። መርከብ የፖስታ ሳጥን ቁጥር የለው፣ ዋናው በየት በኩል ይምጣ?

እሺ፣ ዓላማው ወደ ቱሪዝም ይለወጥልን ብዬ ሁለት ጊዜ አመለከትኩ። አንዴ የታመነ ዓላማ ቢለወጥ ሐሰተኛ መረጃ እንደ ማቅረብ እንደሚቆጠር ተገለጸልኝ። የዚያኑ ዕለት ከኋላችን የተሰለፈው ጎረቤታችን ግን ስምንቱንም ቪዛ ተቀብሎ ሄደ። ይህ ሰው ከተሳፈረ ጀምሮ ከካርታ መጫወቻው ጠረጴዛ ተነስቶ መሬት ረግጦ አያውቅም፤ አገሮቹንም ስም በስም የሚያውቃቸው አይመስለኝም። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ሲባል እሰማ ነበር፤ በማኅተም ተደግፎ ሲሠራ ያየሁት ግን በእርስዎ ክፍል ነው።

አራተኛውን ቅሬታ የማቀርበው በራሴ ላይ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ በዚያ መስመር ላይ የጻፈችው «ጉብኝት» ብላ ነበር። እኔ ነኝ በትከሻዋ ላይ አጮልቄ አይቼ ቅጽ ላይ አይዋሽም ያልኳት፤ እኔ ነኝ አዲስ ቅጽ ለምኜ በራሴ እጅ፣ ባማረው ጽሕፈቴ፣ እህቷን የጻፍኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ተመጻደቅሁባት። እሷ አንድ ቀን እንኳ በዚህ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ቢቆርጠው ኖሮ እላለሁ፣ ቀን በቀን እላለሁ፣ ምን ዋጋ አለው።

አሥራ አንደኛው ወደብ የደረስነው በካፊያ ነው። እህትየው ከልጅ ልጇ ጋር በታክሲ መጥታ ከወደቡ አጥር ውጭ በዊልቸሯ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከሩቅ እንድትለይ ብላ ቀይ ጃንጥላ መያዟን በስልክ ነገረችን። ባለቤቴም ከልጆቻችን ሠርግ በኋላ ያልለበሰችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ከማለዳ ጀምሮ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ የብረቱን ድጋፍ ይዛ ቆመች። እኔ ወደ መውረጃው ሄጄ እስከ አጥሩ ብቻ፣ በጥበቃ ታጅባም ቢሆን፣ ለአምስት ደቂቃ ትውረድ ብዬ ለመንኩ፤ በዕድሜዬ እንዲያ ለምኜ አላውቅም። በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቪዛ የሌለው ሰው እንደማይወርድ ዓይኔን ሳያይ ነገረኝ።

ስመለስ ቪዛ ያላቸው ስምንት መቶ መንገደኞች እየወረዱ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ዝናብ ነበር ብያለሁ። ስምንት መቶዎቹም የሰጣችኋቸውን ጃንጥላ ዘረጉ፤ አውቶቡሶቹ ወደ ቆሙበት ሊሄዱም በአጥሩ ጥግ ተሰልፈው ተጓዙ። ከዘጠነኛ ፎቅ ሲታይ ሰው ማለት የጃንጥላ አናት ነው፤ ወደቡ ሁሉ ቀይ ሆነ። ሰዎቹ አውቶቡስ ከገቡ በኋላ አጥሩ ሥር ማንም አልነበረም፤ ብርዱ ስለጠናባት የልጅ ልጇ ወደ ታክሲው አስገብታታለች፤ ማግስቱም የመታጠቢያዋ ቀን ነበር። እስከዚያ ድረስ ግን ባለቤቴ ለሁሉም እጇን ስታወዛውዝ ቆየች። ተዪው፣ የማያውቁሽ ሰዎች ናቸው ብላት፣ ሳትዞር መለሰችልኝ።

«ከመካከላቸው አንዷ እሷ ናት። ሁሉንም ብሰናበት ለእሷም ይደርሳታል።»

ወደ ማታ እህትየው ደወለች። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ስለሚሰማ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«አየሽኝ አይደል?» አለቻት።

«አየሁሽ እንጂ እትዬ፤ ምንም አላረጀሽም» አለች ባለቤቴ።

እህትየው ሳቀች፣ ለከርሞ ደግሞ በቅርብ እንተያያለን አለች። ሐኪሞቿ ለከርሞ ቀጠሮ አልሰጧትም። በቅጹ ላይ እውነቱን ጽፈን ተከለከልን፤ ባለቤቴ በስልክ የተናገረችው ውሸት ግን ያለ ፎቶግራፍና ያለ ማኅተም እዚያው በዚያው ተቀባይነት አገኘ። መርከቡ በሰዓቱ ተነሳ፤ በሰዓት አክባሪነታችሁ የማይደነቅ የለም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚያ ወደብ በራቅን በዘጠነኛው ቀን ክፍልዎ «እንኳን ደስ ያለዎት» የሚል ርእስ ባለው መልእክት የባለቤቴን ቪዛ ልኮልናል። ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ለሠላሳ ቀን የጸና ነው። መርከቡ ወደዚያ የሚመለሰው በዓመቱ ነው። ባለቤቴ አሳትማ በቦርሳዋ ይዛዋለች፤ ያችን የማትስቀዋን ፎቶግራፍ አውጥታ ስታያት አገኛታለሁ።

ከዘረጋችሁት አገልግሎት ድርሻውን ያለ ጉድለት በተቀበለ፣ በመዝገብ ቤት ሳለ የመለሳቸውን ሰዎች ፊት ዛሬ አንድ በአንድ በሚያስታውስ ጡረተኛ ስም፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ መስኮትዎም ማንም ሳያንኳኳው እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የሁለተኛው ፎቅ ነዋሪ

ግልባጭ፦ በሊፍቱ አጠገብ ለሚገኘው የማስታወቂያ ሰሌዳ
አባሪ፦ ሁለት ቀይ ጃንጥላ፣ ያልተዘረጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካን የሚጠይቀው ቅጽ ትናንት በበራችን ሥር ገብቶልናል። የመጀመሪያው ጥያቄ የጉዟችሁ ዓላማ ምን ነበር ይላል። እስክሪብቶውን ለባለቤቴ ሰጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጨርሳ ስትሰጠኝ አየሁት፤ «ጉብኝት» ብላ ጽፋለች። ምንም አላረምኩባትም።