አምፕሊፋየሩን አልሸጥኩትም

ድሬዳዋ፣ ጥር 1979 ዓ.ም.

ውድ ተማም፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ደንብ ነው። እኔ ግን ምን ብዬ ልጠይቅህ? ሁሉንም አንተው ጽፈህልኛል። ከግንባር ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል እንደመጣህ፣ የእግርህ ቁስል እንደደረቀ፣ አንድ ጆሮህ ግን ፈንጂው ከፈነዳ ወዲህ ጭራሽ እንደማይሰማ። ከዚያ ደግሞ ስለ አየር ጠባይ የምታወራ ይመስል «አምፕሊፋየሩን ሽጠው፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል? ድሬም አልመለስም» አልከኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ልቅሶው በኋላ ነው የመጣው።

አቦ፣ ማን ነኝ ብለህ ነው የምታዘኝ? ዕቃው እኮ የሁለታችን ነው። ከጅቡቲ በባቡር ሲመጣ ከሩዝ ጆንያ ሥር ደብቀን ከፊናንስ ፖሊሶች ዓይን ያሳለፍነው ሁለታችን ነን። አባቴ «ዕድሜዬን ሙሉ በባቡር ሠራተኛነት ያቆየሁትን ስም በአንድ ሳጥን ልታጠፉት ነው!» ብሎ ሲጮህ አንገታችንን ደፍተን የሰማነውም ሁለታችን ነን። አሁን ብቻህን ተነስተህ ሽጠው ትለኛለህ።

የቀበሌያችን የኪነት ኃላፊ ጓድ ክፍሉ ወሬውን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ደጄን አልለቅ አለኝ። «ጓድ ሣህሉ፣ ባለቤቱ በቃኝ ካለ ለኪነቱ ይሁና!» ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ታውቀዋለህ። ግን እሱ እጅ ከገባ ማዞሪያውን ሁሉ እስከ ጥግ አዙሮ ለሰልፍ ያስጮኸዋል፤ ብዙም ሳይቆይ ውስጡ ያሉት አምፖሎች ይቃጠላሉ። አስብልሃለሁ እያልኩ ሳቆየው ሰነበትኩ።

መጀመሪያ ግቢያችን ውስጥ የከፈትነው ቀን ትዝ ይልሃል? ገመዱን ሰክቼ ጊታሯን ገና ሳልነካት ሳጥኑ ማላዘን ጀመረ። ጎረቤታችን እማማ ሰርካዲስ የስልሳ ዘጠኙ የአየር ድብደባ የተመለሰ መስሏቸው አልጋ ሥር ገቡ። እኔ ተሸውደናል፣ የተበላሸ ነው የሰጡን ብዬ ልመልሰው ነበር። አንተ ግን ሳጥኑ ፊት ቁጢጥ ብለህ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ስትሞክር ከረምክ። ጌኑ ሲጨምር ድምፁ እንደሚሻክር፣ ዋናው ድምፅ ሲቀንስ ደግሞ ሻካራው እንደሚገራ ያወቅኸው በዚያን ጊዜ ነው።

ሦስቱን ድምፆች ስም ያወጣህላቸውም አንተ ነህ። ወተት፣ ሻይ በወተት፣ ሚጥሚጣ። ወተቱ ንጹሑ ነው። ትሬብሉን፣ ቀጭኑን ድምፅ፣ ቀንሰህ የሶማሌ ዘፈን ስታጫውተኝ ሽማግሌዎቹ ዑድ የሚመታው ማን ነው እያሉ አንገታቸውን ያሰግጉ ነበር። በሻይ በወተቱ ሰውን ስናስጨፍር እናመሽ ነበር። ሚጥሚጣው ግን የጉድ ነው። ሁላችንም ለጩኸት ብቻ የተሠራ ነበር የመሰለን። አንተ ጌኑን ሽቅብ ሰደድከው፣ ዋናውን ድምፅ ወደ ታች አወረድከው፣ ትሬብሉን ቆረጥከው፤ ከዚያ «በል ትዝታን ተጫወት» አልከኝ። ከበሮ መቺያችን ተሰማ «ትዝታ በሚጥሚጣ!» ብሎ ሊሞት ደረሰ በሳቅ። አንዷን ድምፅ ስነካት እንደ ማሲንቆ ተጎትታ፣ እኔ ካልለቀቅኳት አልሄድም ስትል ነው አፉን የያዘው። እኔ ያን ቀን በራሴ ጣት አለቀስኩ። አንተ አልነገርከኝም እንጂ አይተኸኛል።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርናው ጥሪ መጣ። ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ ከመሄድህ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ በምንለማመድበት ባለቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ሁሉንም በልኩ አስተካክለህ፣ ከእህትህ ከቱሪያ በለመንከው ቀይ የጥፍር ቀለም እያንዳንዱ ማዞሪያ የሚቆምበት ላይ ነጥብ ነጥብ አደረግህልኝ። «እስክመለስ እንዳይጠፋብህ» አልከኝ።

እኔም እንዳይጠፋብኝ ጠበቅኩታ! ተሰማ እንዳይነካው ማዞሪያዎቹን በነጥቦቹ ልክ በፕላስተር አሰርኳቸው። አቧራ እንኳን የምጠርገው በላባ ነበር። ስትመለስ ልክ እንደተውከው እንድታገኘው ነው የፈለግሁት። የሚገርምህ ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ አንድ ሠርግ ላይ እንኳን ድምፃችን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰዎች «ባንዱ ምን ሆነ?» ሲሉ እኔ «መብራቱ ነው ጉልበት ያነሰው» እላለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሙቀቱ ነው እላለሁ። ነጥቦቹን ለመጠርጠር ሐሳቡም አልመጣልኝም።

ባለፈው እሑድ ቱሪያ ተዳረች። ሆስፒታሉ እንዳሰናበተህ ስለሰማን፣ አልመለስም ብትልም ለእህትህ ሠርግ ትመጣለህ ብለን ጠብቀንህ ነበር። መጋላ ሰፈር፣ ቤታችሁ ደጃፍ መንገዱ ተዘግቶ ዳስ ተጣለ። ሙሽራው ዲሪዬ ዘመዶቹን ከጅግጅጋ ይዞ መጥቷል፤ በአንድ በኩል እነሱ፣ በሌላው የእናንተ ሰዎች፣ በመሀል እኛ። ጀመርኩ። አዳራሹ ውስጥ ቆርቆሮው ስለሚያግዘው ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቀንሰኸው ነበር አይደል? ሜዳ ላይ የሚያግዘው ጠፋ። ጊታሬ እንደ ትንኝ ቀጠነ። ዋናውን ድምፅ ብጨምርበት ሚጥሚጣው ያፏጭ ጀመር። ሴቶቹ ጆሯቸውን በሻሻቸው ያዙ። ልጆች ይስቁብኛል። እኔ አጎንብሼ ቀይ ነጥቦቹ ላይ አፈጣለሁ።

እናትህ አዴ ፋርቱን ከሴቶቹ መሀል ተነስተው፣ ዳሱን ሰንጥቀው ፊቴ መጥተው ቆሙ።

«ማሊ ኩን! ሣህሉ፣ ምንድን ነው ይሄ? የልጄን ሠርግ የዝንብ ሠርግ አደረግከው እኮ!»

«አዴ፣ ተማም ያስተካከለው ነው። ምልክቱን አልነካሁም።»

«ምልክቱን ተወው! ሰዉን እይ። ተማም መች ሳጥን ያይ ነበር? እኔን ነበር የሚያየኝ። ከጎረቤቴ ጋር ሳልጮህ ካወራሁ ደህና ነው ብሎ ይተወዋል። አፌን ጆሮዋ ውስጥ ከከተትኩ እየሮጠ መጥቶ ይቀንሰዋል። ወላሂ፣ አብረኸው ስትሠራ ኖረህ ይሄን አታውቅም?»

አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀመር ሁልጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ ሴቶቹ በኩል ትሄዳለህ። እኔ እኮ ኮረዶቹን ልታይ የምትሄድ ነበር የሚመስለኝ!

ፕላስተሩን ቦጨቅኩት። ቤዙን ጨመርኩ፣ ጌኑን መለስ አደረግኩ፣ ዓይኔን ግን ከአዴ ፋርቱን አፍ አልነቀልኩም። ተመልሰው ተቀምጠው አጠገባቸው ላለችው አንድ ነገር አሏት፤ ሴትየዋም ሳቀች። ልኩ እንደመጣ ገባኝ። ከዚያ ለዲሪዬ ሰዎች ወተቱን ከፈትኩላቸው፤ አክስቱ ቢላን፣ ለጉልበታቸው ሐኪም ጭፈራ የከለከላቸው ሴትዮ፣ ተነስተው አስነኩት።

ግን ተማሜ፣ ብዙ አልቆየም። ሰዉ ሲሞላ ድምፁ እንደገና ተለወጠ፤ እኔ ደግሞ ወደ ጣቶቼ ተመልሼ ነበር። ባንድ ራስ መጫወትም ሰው ማየትም አልቻልኩም። ተሰማ ይሞክር እንዳልል እሱም ከበሮው አለበት። ቀኑን ሙሉ አንዴ ስይዘው አንዴ ሲያመልጠኝ ዋልኩ። ሙሽራዋ ደግሞ፣ መደበቅ አልችልም፣ ከባሏ ይልቅ የዳሱን በር ስታይ ነው የዋለችው።

ስለ ጆሮህ ምንም አይደለም አልልህም። ሐኪም ቤት የሚሠራው የአክስቴ ልጅ፣ አንድ ጆሮው የሄደ ሰው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መለየት እንደሚቸግረው፣ ሰው በተሰበሰበበትም ወሬ እንደሚምታታበት ነግሮኛል። ከባድ ነው። ሰው መሀል መቀመጡ አስጠልቶህ እንደቀረህም ገብቶኛል። አልፈርድብህም። ግን እኔ ያለ አንተ የሚያምር ድምፅ እንደሌለኝ አንተም እወቅልኝ። ይህን ስል ላጽናናህ ብዬ አይደለም፤ መጋላ ሙሉ ሰው ጆሮውን ይዞ መስክሮብኛል።

ደብዳቤህን ቱሪያ ለእናትህ አንብባላቸዋለች። ስለ ጆሮህ ሲሰሙ ምን አሉ መሰለህ? «እሱ ይምጣልኝ እንጂ ለጆሮው እኔ አለሁ። ድሮም ስጮህ ነው የኖርኩት።» ሳቁና በሻሻቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከሠርጉ በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል ባቡር በሚገባበት ሰዓት ጣቢያው አካባቢ አያቸዋለሁ። ዕቃ ልገዛ ነው የመጣሁት ይሉኛል፤ በእጃቸው ግን ምንም የለም።

ለጓድ ክፍሉ ትናንት ቁርጡን ነገርኩት። አይሸጥም አልኩት። ትንሽ አኮረፈ፤ «ያ ልጅ ሲመጣ ግን ለኪነቱም ያስተካክልልን» ብሎኝ ሄደ። እሱ እንኳን እንደምትመጣ እርግጠኛ ነው።

ገንዘብ ካጠረህ ላክልኝ በለኝ፤ ካፈርክም እኔ መጥቼ አመጣሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ሳትነግረኝ ቀርተሃል። የማይሰማህ የቀኙ ነው የግራው? ጻፍልኝ። ከጣቢያ ወደ ቤት ስንሄድ በሚሰማህ በኩል ልሁን።

ወንድምህ ሣህሉ