አሮጊቷን ቁልቁለቱ ላይ አቁሜልሃለሁ

ወንድምዓለም፣

አሮጊቷ መኪናችን "ትሠራ"፣ "ትቀየር" ብለን ከተኳረፍን ወዲህ ስለማታናግረኝ በወረቀት ልንገርህ። የአዲሷን መኪና ብድር ልፈርም ባንክ ሄጃለሁ።

በታክሲ ነው የሄድኩት። አሮጊቷን ላንተ ቁልቁለቱ ላይ አቁሜልሃለሁ። ፍሪሲዮን ረግጠህ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ መንደርደር ስትጀምር ልቀቀው። ገፊ አያስፈልግህም።

መካኒክህ ደውሎ "ማስነሻ ሞተሪኖዋን ብቻ ቀይሩላት" ብሏል። ባለፈው "ባትሪዋን ብቻ" ያለው እሱ ነው። ከእህትህ ይልቅ እሱን እመን፣ ምን ቸገረኝ!

የባንኩ ሰውዬ ትናንት "የድሮዋ ምን ሆነች?" ሲለኝ "ሁለት ሰው ካልሆነ አትነሳም" አልኩት። "ታዲያ ምን ይጠብቃሉ!" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መንገድ ላይ ሳስበው ግን፣ እኔና አንተ እኮ የምናወራው እሷን ስናስነሳ ብቻ ነው። እኔ ከኋላ እያለከለክሁ፣ አንተ መሪ ይዘህ "በርቺ እንጂ!" እያልክ። እሱም ወሬ ከተባለ።

አዲሷ በቁልፍ ትነሳለች አሉ።

የምትመጣው ግን በወሩ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ እንዳታቆማት፤ ሜዳው ላይ አቁማት። ጠዋት አብረን እናስነሳታለን።

መሪ የምይዘው ግን እኔ ነኝ።