ሠላሳንና መቶ ሃምሳን ላስታረቀው ኮሚቴ

ለተከበራችሁ የተማሪዎች ሒሳብ ውድድር ዳኞች
ደባርቅ

እንደምን ከርማችኋል? የደባርቅ ብርድ ጉልበታችሁን፣ የፍርድ ብዛትም ራሳችሁን እንዳያማችሁ እየተመኘሁ፣ እኔ የተወዳዳሪዋ የሊድያ አባት ይህን ምስጋና ከዳባት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ጥያቄያችሁ የግማሽን ኢንቨርስ ሳይን ትክክለኛ ዋጋ ፈልጉ የሚል ነበር፤ ሳይኑ ግማሽ የሚሆነው ማዕዘን የትኛው ነው ማለት ነው። ልጄ ሠላሳ ዲግሪ ብላ ጻፈች፤ ጥያቄውን ያወጡት አቶ መንግስቴ ግን መልሱ መቶ ሃምሳ ነው ብለው ኤክስ አደረጉባት። የመቶ ሃምሳም ሳይን ግማሽ መሆኑን ሊድያ አልካደችም፤ ነገር ግን ኢንቨርስ ሳይን ከዘጠና በላይ ያለውን መልስ እንደማይቀበል ከመማሪያ መጽሐፉ ገልጣ አሳየቻቸው። እርሳቸውም ልጅ ከታላቅ ጋር አይከራከርም በሚል ጥልቅ ማስረጃ ረቷት። ዕድሜ ይስጣቸው።

፪ኛ. አቤት ስንል ደግሞ እናንተ፣ እግዜር ያክብራችሁና፣ እንደ አገር ሽማግሌ ተሰብስባችሁ ግራ ቀኙን ሰማችሁ፤ ማንም ቅር እንዳይለውም ሠላሳን ከፍ፣ መቶ ሃምሳን ዝቅ አድርጋችሁ መሐል ላይ፣ ዘጠና ላይ አስታረቃችሁ። ወይ ጉድ! እኔም በተራዬ ሽማግሌ ተብዬ የድንበር ጠብ አብርጃለሁ፤ መሬት ከዚህም ከዚያም ትንሽ ትንሽ ይቆረሳል። ማዕዘንም እንደ እርሻ እንደሚቆረስ ግን ከእናንተ ተማርኩ። ልጄ ስታለቅስ አመሸች፤ እኔም አልደብቃችሁም፣ አንጀቴ አሯል።

፫ኛ. በዕርቁ መሠረት ዘጠና ያልጻፈ ሁሉ ነጥብ አጣ፤ ዘጠና የጻፈ ተማሪ ደግሞ አልተገኘም። ሊድያም ባሕር ዳር ለሚደረገው ውድድር ሳታልፍ ቀረች፤ የጎደላት አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ተወዳዳሪዎቹን የሚወስደው መኪና ዓርብ ይነሣል። እኛ የተማረ ይግደለኝ ስንል የኖርን ሰዎች ነን፤ እናንተም ምኞታችንን ከልብ ሰምታችኋል።

ዳኝነታችሁ እንዲሰፋ፣ ያስታረቃችኋቸው ቁጥሮችም ዳግም እንዳይጣሉ እየጸለይኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ይግዛው ደርቤ
ከዳባት

ማሳሰቢያ፦ ሊድያ እንባዋን ጠርጋ የዘጠናችሁን ሳይን አወጣችው። ግማሽ ሳይሆን ሙሉ አንድ ሆነ። የጎደላትም አንድ ነውና፣ እርሱን ከዓርብ በፊት ብትመልሱላት ዕርቁን ተቀብለናል።